አማቼ የሰቀላት ብስክሌት

እኔ እናገራለሁ፣ ስልኩ ይጽፋል። ፊደል ቆጥሬ አላውቅም፤ ስለዚህ የተሳሳተ ነገር ካያችሁ የስልኩ ነው፣ የእኔ አይደለም። ልጄ ሰብለ ናት ያሳየችኝ፤ «እማዬ፣ እዚች ጋ ንኪና አውሪ» አለችኝ። ማውራቱን እንኳ ማንም አላስተማረኝም።

ነገሩ የጀመረው ከሽታ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ጋርላንድ፣ የልጄ ቤት መኪና ማሳደሪያ አለው፣ ጋራዥ ይሉታል። መኪናው ግን ደጅ ነው የሚያድረው፤ ጋራዡ የካርቶንና የእኔ ነው። ቤት ውስጥ ያ የቀዝቃዛ አየር ማሽን አጥንቴን ስለሚበላው፣ ጠዋት ጠዋት ትልቁን በር ወደ ላይ አስነስቼ ወንበሬን አፉ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ምስር እለቅማለሁ፣ መንገድ አያለሁ። መንገዱ ላይ ሰው ቢኖር! አንድ ጎረቤት ውሻውን ይዞ ያልፋል፤ እጄን አነሳለታለሁ፣ እጁን ያነሳልኛል፤ የቀኑ ወሬ በዚያ አለቀ። ታዲያ አንድ ጠዋት ገና ሙቀቱ ሲጀምር፣ ከኋላዬ የጎማና የካቴና ዘይት ሽታ መጣና አፍንጫዬን ያዘው። ምስሩን ይዤ ቀረሁ። ሳላስበው ፈረንሳይ አገር፣ ገጠር ውስጥ፣ ሳማ ላይ ተዘርሬ ነበር።

ሳማውን እመጣበታለሁ። በፊት ሽታው የመጣበትን ብስክሌት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አቃጥሎኛል። ብስክሌቱ የታደለ ነው። ታደለ የሰብለ ባል፣ አማቼ፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሰው ያመላልሳል፤ ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ጨብጦ ቁጭ። ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ቁጭ ብሎ ስልክ ያወራል፣ ቁጭ ብሎ ይቆጣል። ሶ፣ ስኳሩ ወጣ። ሐኪሙ «ወይ ሰውነትህን አንቀሳቅስ፣ ወይ መርፌ ትጀምራለህ፤ ሦስት ወር አይቼ እወስናለሁ» አለው። ለሌላ ሰው ይኼ ቀላል ነው፣ ለታደለ ግን አይደለም። አባቱ በስኳር አንድ እግራቸውን ተቆርጠው ነው የሞቱት፤ እሱ ነበር ጠዋት ጠዋት አዝሎ ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጣቸው። ሰብለ ይህን ስትነግረኝ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ከዓይኗ የሚወርደው ግን የሽንኩርቱ አልነበረም።

ሩጫ ጉልበቱ አይችልም። ሐኪሙ ራሱ ነው ብስክሌት ያለው። እሺ፣ ብስክሌት ተገዛች። ዋጋዋን ስሰማ «ሞተሩ የት አለ?» አልኩ። ደግሞ ብታዩዋት! በሁለት ጣት ትነሳለች፣ ሸምበቆ በሏት። መቀመጫዋ ቢላዋ ነው። ደወል የላትም፣ መብራት የላትም፣ ፓራፋንጎ የላትም፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ የላትም።

«ታዲያ ሽንኩርት ብትገዛ በምን ትጭናለህ?» አልኩት።

«እማማ፣ ይቺ ለዕቃ አይደለችም። ለመንገድ ናት» አለኝ።

«መንገድ ለምንድነው እንግዲህ? ዕቃ ሊያመጡበት አይደለም?»

ታደለ ሲጨንቀው መሬት ያያል። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግድግዳው ላይ ሁለት ችንካር መታና ብስክሌቷን ሰቀላት። እንደ ሠርግ ፎቶ! በየማለዳው ከሥራ በፊት ረጅም ሱሪውን ለብሶ ይመጣል፣ «እንዴት አደሩ እማማ» ብሎ ዝቅ ይላል፣ ያወርዳታል፣ ጎማዋን ጫን ጫን ያደርጋል፣ በጨርቅ ይወለውላታል፣ መልሶ ይሰቅላታል። ጭራዋን ማበጠር ነው የቀረው። አንድ ቀን ንፋስ ነው ይላል፣ አንድ ቀን ሙቀት ነው ይላል፣ አንድ ቀን ጉልበቴን ይላል። እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ «ዛሬም አትወጣም?» እለዋለሁ። «ነገ እማማ፣ ነገ» ይለኛል። ነገ ይመጣል፣ ውልወላው ይቀጥላል።

ወደ ሳማው ልመለስ። ልጅ ሳለሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከባቡሩ ፈረንጆች አንዱ ቤት ሞግዚት ነበርኩ። ሁለት ልጆቻቸውን ነበር የምይዘው። ድሬዳዋ እንኳ ብስክሌት ሞልቶ ነበር፤ መንገዱ ሜዳ፣ ዛፉ ጥላ፣ ጎረምሳው ሁሉ በኪራይ ብስክሌት ፊታችን ይንጎማለላል። ሴት ግን ከኋላ ነው የምትቀመጠው፣ እሱም ወንድሟ ከነዳ ነው፣ እሱም እናቷ ካላየች ነው። ከዚያ አገሩ ተተረማመሰ፤ የማንኛው ጊዜ ግርግር እንደሆነ እንጃ፣ ግርግሩ ብዙ ነበር። ፈረንጆቹ ሻንጣ ሲሸክፉ ማዳም «ልጆቹ እስኪለምዱ አብረሽን ነይ» አለችኝ። ሁለት ሽቲ፣ አንድ ድሪያ፣ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ይዤ ሄድኩ። ፈረንሳይ ሲባል የማውቀው ሽቶ ነው፤ አገሩ ሁሉ መብራትና መስታወት መስሎኝ ነበር። ከአውሮፕላን ወረድን፣ በባቡር ሄድን፣ በመኪና ሄድን፣ መኪናው ላም በላም የሆነ አገር ገባ፤ ድንጋይ ቤት፣ የድርቆሽ ክምር፣ ዶሮ። ቢቸግረኝ «ማዳም፣ ፈረንሳይ መቼ ነው የምንደርሰው?» አልኳት። «ደርሰናል እኮ!» አለችኝ።

የማዳም እናት ቤት ነበር። ልጆቹ ሜሜ ይሏታል፣ አያቴ ማለት ነው፤ እኔም ሜሜ አልኳት። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ሰማያዊ ሽርጥ ከላይዋ የማይወርድ፣ ክንዷ እንደ አናጢ ክንድ የጠነከረ። የእሷ ፈረንሳይኛ ከድሬዳዋው ፈረንሳይኛ ጋር አይተዋወቅም፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ጠጠር የሚንከባለል ነው የሚመስለው። ዳቦ ቤቱ ሌላ መንደር ነው፣ በእግር ቢሄዱት ደህና አንድ ሰዓት። በመጀመሪያው ጠዋት ከበረቱ ሁለት ጥቁር ብስክሌት አወጣች፣ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለእኔ። አልችልም ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። እሷ ደግሞ የእኔን እጅ መወዛወዝ መች አየችው? ቀሚሴ ካቴናው ውስጥ እንዳይገባ ጉልበቴ ላይ ሰበሰበችና በልብስ መቆንጠጫ ቆነጠጠችው፤ በዚያ፣ ልብስ ገመድ ላይ በሚሰጣበት በእንጨቱ። ከዚያ መቀመጫውን ከኋላ ይዛ ገፋችኝ። እየያዘችኝ መስሎኝ እግሬን ሳሽከረክር፣ ዘወር ብዬ ባይ ሜሜ ሩቅ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። ቦይ ውስጥ ገባሁ። ቦዩ ሳማ ነበር፣ ሙሉ ሳማ! በአማርኛ ሰደብኳት፣ በኦሮምኛ ሰደብኳት፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የተማርኳትን የሶማልኛ ስድብ ጨመርኩላት። አጥሩን ይዛ ሳቀች፤ ስቃ ስቃ ሲወጣላት ከዚያው ቦይ አንድ ሰፊ ቅጠል በጥሳ እግሬን አሸችልኝ። ማሳከኩ ተወኝ። ከዚያ እንደገና ኮርቻው ላይ አስቀመጠችኝ። አልጠየቀችኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ጎን ለጎን እንሄድ ነበር። አይ መንገድ! ጠባብ ነው፣ ሁለት ጋሪ አያስተላልፍም። ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ወዲያ ስንዴ፣ ስንዴው መሀል ቀይ ቀይ አበባ፣ ደም የተረጨበት ይመስላል። ጠዋት ጤዛው ገና ሳይነሳ ጎማው አስፋልቱ ላይ ሽሽሽ ይላል፣ ሌላ ድምፅ የለም። ላሞቹ ቀና ብለው አይተውኝ ማመንዠካቸውን ያቆሙ ነበር፤ እኔን የመሰለ ሰው አይተው አያውቁም መሰለኝ። አንዲት ቁልቁለት አለች፣ ከድንጋይ መስቀሉ ጀምራ እስከ ድልድዩ፤ ሜሜ እዚያ ስትደርስ ሁለት እግሯን ከመርገጫው አንስታ እንደ ሕፃን ትዘረጋቸውና ትለቀዋለች። እኔ ፍሬኑን ጨምቄ፣ ቅዱሳኑን ሁሉ ጠርቼ ከኋላ። ዳቦው ከአንድ ፍራንክ ትንሽ ከፍ ይል ነበር፤ ሳንቲሙን ከመሪው ጋር ጨብጬ ነው የምይዘው፣ መዳፌ ላይ ይሞቃል። ረጃጅሙን ዳቦ ከኋላ አስረን ስንመለስ መንደሩ ይነቃል፤ የመስኮቶቹ መዝጊያ ጓ ጓ እያለ ይከፈታል፣ ከአንዱ ቤት ራዲዮን አንዲት ድምፀ ሻካራ ሴት ስታንጎራጉር ይሰማል። እኔ ደግሞ የድሬዳዋ ሠርግ ዘፈን እለቀዋለሁ፣ ሜሜ በደወሏ ታጅበኛለች፣ ቅጭል ቅጭል። የዳቦውን ጫፍ መንገድ ላይ እቆርስ ነበር። ቤት ስንደርስ ሜሜ ዳቦውን አይታ «አይጥ አለ» ትለኛለች፣ የእሷም ዳቦ ጫፍ የለውም።

ምን ልላችሁ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደን አንድ ትራክተር ነበር የሚያልፈን፣ ባለ ትራክተሩም ባርኔጣውን አንስቶ። እዚህማ እኛ ሰፈር ያለውን ትልቁን መንገድ ለመሻገር እንኳ በፊት ንስሐ መግባት ነው። መኪናው ቤት ያህላል፤ የሚነዳው ሰው አንድ፣ የሚጠጣው ቡና ባልዲ። ግን ደግሞ ሰበብ አይሆንም! ከቤታችን ጀርባ፣ ሁለት መታጠፊያ አልፎ፣ ወንዟን ተከትሎ የሚሄድ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለ። መኪና አይገባበትም፣ ዛፍ አለው፣ ወፍ አለው። ሰብለ እሁድ እሁድ እዚያ ታንሸራሽረኛለች። መንገዱ አለ፣ ብስክሌቷ አለች፣ ስኳሩ አለ፣ ነጂው የለም።

አንድ ቀን ወጥቶ ነበር፣ አልዋሽም። ሥራ የሚሄድበትን የጨርቅ ሱሪ እንደለበሰ ወጣ። እኔ ምስሬን ጥዬ እልል አልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ብስክሌቷን እየጎተተ ተመለሰ፤ ካቴናው የሱሪውን እግር ቀርጥፎ በልቶታል፣ መቀመጫዋ ደግሞ ምን እንዳደረገችው እንጃ፣ እንደ ተገረዘ ልጅ እግሩን ፈርከክ አድርጎ ነው የሚራመደው። «ቆይ የልብስ መቆንጠጫ ልስጥህ» ብዬ ብድግ ስል «ይቀመጡ እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ ሰቅሏት ገባ። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ውልወላ ብቻ።

ሰዎች ደግሞ በዚህች ዓይነቷ ብስክሌት እንዴት እንደሚነዱ አውቃለሁ እኮ! አይቻለሁ። ፈረንሳይ የመጀመሪያው እሁድ፣ ልጆቹን ይዤ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከዳገቱ ሥር አንድ መንጋ ወንድ በብስክሌት ብቅ አለ። ከላይ ያሸበረቀ ሹራብ፣ ከታች ጥቁር ታይት ቁምጣ፣ ጭን ላይ ልጥፍ ያለ። እግራቸው ደግሞ እንደ ሙሽራ እግር የተላጨ! ቤት ተቃጥሎባቸው በውስጥ ልብሳቸው የሚሸሹ መስለውኝ ልጆቹን እየጎተትኩ ወደ ግቢ ሮጥኩ። ሜሜ ወተት ማሰሮዋን አስቀምጣ ሳቀች። ለካ መዝናኛቸው ነው፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ተሰብስበው ገጠሩን ይዞራሉ። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ እኔና ሜሜ የውሃ ማሰሮ ይዘን መንገድ ዳር እንቆም ነበር። ውሃ ለመስጠት ነው የምንለው። ሜሜ እያንዳንዱ ሲያልፍ በጣቷ ማርክ ትሰጠዋለች፤ ይኼ ባት አለው፣ ይኼ የለውም፣ ይኼ ከኋላው ደህና ነው። እኔ በመጀመሪያ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ፣ በሁለተኛው እሁድ በጣቴ መሀል አየሁ፣ በሦስተኛው ከሜሜ ጋር በማርክ እከራከር ነበር። መጨረሻ ላይ የሚመጣው የማዳም ባል ነው፣ የሜሜ አማች፣ ያ የባቡሩ ሰውዬ። ሆዱ ከቁምጣው በላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። ሜሜ ሮጣ ትጠጋውና በእርጥብ ጨርቅ ጀርባውን ዧ ታደርገዋለች፤ «ግፋ! ግፋ!» እሱም እያለከለከ ጉንጯን ስሟት ያልፋል። አማትና አማች፣ አስቡት!

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየሁ ሴትዮ ነኝ ጋራዡ አፍ ላይ ተቀምጬ አማቼ ብስክሌት ሲወለውል የማየው። ወሩ ሄደ፣ ሁለተኛው ወር ሄደ። የሐኪሙ አፖይንትመንት ሊደርስ አራት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጠዋት አልቻልኩም።

«ታደለ፣ እስቲ ና» አልኩት።

«አቤት እማማ።» ጨርቁን እንደያዘ ቆመ።

«እኔን ቀብረህ ነው የምትነዳት?»

«ኧረ ይኑሩልኝ!»

«መኖሩንስ እኖራለሁ። አንተ ነህ እንጂ! እግርህን ትፈልገዋለህ፣ አትፈልገውም? አባትህ ያን ጊዜ እንዲህ ያለች ብስክሌት ቢያገኙ ግድግዳ ላይ ይሰቅሏት ነበር?»

ከአፌ እንደወጣ ምላሴን ነከስኩት። እሱ መሬቱን አየ፣ ጨርቁን አጣጠፈ፣ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ወደ ቤት ገባ። ጀርባው ታጥፏል። ምስሩ እጄ ላይ ጠጠር ሆነብኝ።

ብዙ ሳይቆይ ሰብለ እንደ ንፋስ ወጣች። ለሥራ ለብሳለች፣ አንድ ጫማዋ በእጇ ነው።

«እማዬ! ምን ብለሽው ነው?»

«እውነቱን።»

«እሺ እኔም እውነቱን ልንገርሽ? ባንቺ ምክንያት ነው የማይነዳው!»

«በእኔ? እኔ ነኝ እንዴ ጎማውን ያስተነፈስኩት?»

«ታይቱ ነው!» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ቤቱ ገልመጥ ብላ። «መቀመጫዋ ያለ ታይት አትቻልም። በመሀሉ ስፖንጅ አለው። ገዝቷል፣ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ግን አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ እንዴት ለብሶት ይለፍ? ‹አማቴ ፊት በጭኔ አልሄድም፣ መርፌውን እወጋለሁ› ነው የሚለኝ!»

እኛ ድሬዳዋዎች አቦ ምን እናውቃለን? ሽማግሌውንም አንተ፣ ባለሥልጣኑንም አንተ። በሙቀቱ ጊዜ ወንዱ ሁሉ በሽርጥ ነው፣ አማትህም ብትመጣ ሽርጥህን ጠበቅ አድርገህ ወንበር ትለቅላታለህ፣ በቃ። ይኼ ልጅ ግን የደብረ ማርቆስ ነው። እኔ ፊት እግሩን ዘርግቶ አያውቅም። እኔ ፊት ሲያስነጥሰው ወደ ጓዳ ይሮጣል። አንድ ቀን ያለ ሸሚዝ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ቢያየኝ በመስኮት ሊዘል ነበር። ይህን ሁሉ አይቼ ዓይናፋር ነው እያልኩ እስቅበታለሁ እንጂ፣ ለካ እኔ ነኝ በሩ ላይ የተተከልኩት ግንድ!

«የፊት ለፊቱስ በር?» አልኳት።

«አንቺ ፊት ነው እኮ የሚከፈተው። ብስክሌቷም ያንቺ ጀርባ ናት።»

«ረጅም ሱሪ ደርቦ ይውጣና እዚያ ማዶ ያውልቀዋ!»

«መንገድ ላይ ሱሪውን ያውልቅ? ጎረቤት ፖሊስ ኮል እንዲያደርግ?»

«እኔ እንደሆነ የፈረንሳይን ገጠር ወንድ ሁሉ ቂጥ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ማርክ ስሰጥ የኖርኩ ነኝ! የእሱ ምን ይጨምርብኛል? ጥሪው፣ ልንገረው።»

«እማዬ፣ ይህን ብትነግሪው ይሞታል። ይሙት እያልኩሽ አይደለም፣ ማለቴ፣ ይሞታል። እንደነገርኩሽም እንዳያውቅ!» ብላ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

በማግስቱ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ጋራዥ አልወጣሁም። ቤት ውስጥ ነጠላዬን ደራርቤ፣ በማሽኑ ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ተቀመጥኩ። መንገዱን ለቀቅሁለት ብዬ ነው። ታደለ ወጣ፣ ወንበሬን ባዶ አየ፣ ሮጦ ተመለሰ። «እማማ! አሞዎት ነው?» ግንባሬን በእጁ ጀርባ ነካ፣ ሙቀት መለኪያ አመጣ፣ ሾርባ ላሙቅ አለ። ትናንት ስለተናገርኩት ያኮረፍኩ መስሎት ደግሞ «ይቅር ይበሉኝ፣ እነዳለሁ፣ ነገ እነዳለሁ» ይላል፣ የበደልኩትስ እኔ! ሥራው ረፈደበት። ጭራሽ ወንበሬን ከነትራሱ አስተካክሎ፣ እጄን ይዞ ወስዶ እዚያው በሩ አፍ ላይ ተከለኝ። አሁን ምን ይደረጋል? ብቀመጥ አልተቻለም፣ ብነሳ አልተቻለም። ይህን ዓይነት አክብሮት ጠላትህን ይግጠመው!

ሦስት ቀን አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ራት ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ስሙኝ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጸሎት ይዣለሁ። ጋራዥ ውስጥ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት እጀምራለሁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ። ማንም እንዳያናግረኝ፣ ሰላምታም አልፈልግም።»

ጸሎት ላይ ያለ ሰው ሰላም አይባልም፣ ይህን የማያውቅ የለም፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዝቅ ብሎ እጅ መንሳት የለ፣ ፊት ለፊት መቆም የለ፣ ዝም ብሎ ማለፍ ነው ወጉ። ሰብለ ጉርሻዋን እንደያዘች አየችኝ። «ጸሎት ወደ ምሥራቅ ነው እኮ እማዬ። ምሥራቅ ወደ መንገዱ ነው» አለች፣ እኔን ለማገዝ ነው ወይስ ለማጋለጥ እንጃላት። «ለእኔ የተገለጠልኝ ግድግዳው ነው» አልኳት። ታደለ ሳህኑን እያየ እንጀራውን ቆረሰ።

ነጋ። ወንበሬን አዞርኩ። ከፊቴ የቀለም ቆርቆሮና የገና ዛፍ ካርቶን ነው ያለው። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናነብኩ፣ መቁጠሪያዬን ያዝኩ፣ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ብዙ ቆየ። ከኋላዬ የቤቱ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ቆመ። ደግሞ ተዘጋ። «አቡነ ዘበሰማያት!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ጆሮዬ እንኳ እንደማይሰማ እንዲያውቅ። በሩ እንደገና ተከፈተ። እርምጃ፣ የሌባ እርምጃ። ብስክሌቷ ከችንካሩ ስትወርድ ቅጭል አለች። ከዚያ ጎማው በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ትክ ትክ ትክ ትክ፣ ያ ድምፅ! የሜሜም ብስክሌት ቁልቁለቱ ላይ እንዲሁ ነበር የምትለው። አላየሁም። በእግዚአብሔር ስም፣ አላየሁም። ታይቱ ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው፣ ሌላ አላየሁም።

ድምፁ መንገዱ መጨረሻ ደርሶ ሲጠፋ ነጠላዬን ገልጬ እፎይ ልል ነበር። ከዚያ ከወዲያ ከትልቁ መንገድ የአንድ መኪና ጡሩምባ ሰማሁ። ሌላ። ሁለቱን መታጠፊያ አሰብኩ፤ ወንዟ ጋ እስኪደርስ ሁለት መታጠፊያ አለ፣ ያም ባለ ባልዲው ቡና ሰውዬ አለ። ግዴለሽ፣ ነገር ሠርተሽ ልጁን መንገድ ላይ የሰደድሽው አንቺ ነሽ አልኩ። ነጠላዬን መልሼ ተከናነብኩ፤ መቁጠሪያውን ከዚያ በኋላ በእውነት ቆጠርኩት። ስልሳ አራቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ትክ ትክ ሲል ስሰማ ነው ትንፋሼ የወጣው።

እንዲህ ሆነና ሦስት ሳምንት። እሁድ እንኳ አልቀረም። እኔ በዕድሜዬ እንደዚህ ጸልዬ አላውቅም፤ ፊቴን ያዞርኩበት ግድግዳ ላይ ያለውን የቀለም ጠብታ ሁሉ በስም አውቀዋለሁ። ምስሬ ሳይለቀም ከረመ። ጎረቤቱ ውሻውን ይዞ ሲያልፍ እጄን ማንሳት ስለተውኩ ተቀይሞኛል መሰለኝ። አፖይንትመንቱ ደረሰ። ሰብለ ከሐኪሙ ቤት ደወለችልኝ፣ መናገር አልቻለችም። «ቀንሷል፣ እማዬ» አለች በኋላ። «ገና ነው ብሏል፣ ግን ቀንሷል። መርፌው ይቆይ፣ እንዲሁ ቀጥል አለው።» ስልኩን ዘግቼ ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፣ ቀጥሎ «እንዲሁ ቀጥል» ማለት እኔም ከግድግዳው ጋር እቀጥላለሁ ማለት እንደሆነ ገባኝና እልልታዬን ዋጥ አደረግሁ።

በማግስቱ ጠዋት ነው። እኔ ግድግዳዬ ላይ ነኝ። ታደለ ደርሶ ተመለሰ፤ ትክ ትክ፣ ችንካሩ ላይ ሰቀላት። እንደ ወትሮው ሾልኮ ይገባል ስል እዚያው ከኋላዬ ቆመ። ያለከልካል።

«እማማ» አለ። «ጸሎት ላይ እንደማይነገር አውቃለሁ፣ ይቅርታ። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። ጸሎትዎ ነው የደረሰልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።»

ድምፁ ተንቀጠቀጠ። አሜን ብዬ ብተወው ምን ነበረበት? ምላሴ መች ይገዛልኛል!

«አሜን! በል አሁን ግባና ሱሪህን ልበስ፣ ብርድ ይመታሃል!»

ማሽኑ እንኳ የቆመ መሰለኝ። ሞተ፣ አለቀ፣ ሰብለ ትገድለኛለች አልኩ። መቁጠሪያዬን ጨብጬ ቀረሁ። ከዚያ ከኋላዬ አንድ ነገር ፍንፍን አለ። በአፍንጫው ነበር መጀመሪያ። ቀጥሎ ፈነዳ። ታደለ ሳቀ! አሥራ ስድስት ዓመት አማቼ ነው፣ ድምፁ ወጥቶ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፣ ሁልጊዜ አፉን በእጁ ሸፍኖ ነው። ሳቁ ለካ ወፍራም ነው፣ ካርቶኑን ሁሉ ያንቀጠቅጣል፣ «ያውቁ ነበር? እማማ ያውቁ ነበር?» እያለ እንደገና ይስቃል።

እንዲህ ያለ ጣጣ አይቼ አላውቅም። ሲስቅ ፊቱ ምን እንደሚመስል ለማየት አንገቴ ሊቀጭ ደረሰ፤ ዞር ልበል ብል ደግሞ ታይቱ አለ። የቀለም ቆርቆሮውን እያየሁ አብሬው ሳቅሁ።